የዳልጮ የመጨረሻዋ ላንድሮቨር

ወርቂቱ ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሸችው በአንዲት የመኪና በር ምክንያት ነው። በሯ ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም። ከዘይት ቆርቆሮ ተቆርጣ፣ በሞረድ ተስተካክላ፣ በቀጭን ሽቦ ማጠፊያ የምትከፈትና የምትዘጋ ነበረች። ዳልጮ ቀለም ቀብቶ ካደረቃት በኋላ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ ተጠጋና፣ «ወርቂ፣ እስቲ እያት፤ ከወዲያኛው በር ጋር አንድ ሆነች?» አላት።

አየቻት። የወዲያኛው በር አረንጓዴ ነው፤ ይቺኛዋ ሰማያዊ። እንዲለየው ብሎ አረንጓዴው ጣሳ ላይ ክር አስሮበት ነበር፤ ክሩ ወልቆ መሬት ወድቋል፤ እጁ ሌላውን አንስቷል። ያን ዕለት ጠዋት ሻይ ልቅዳ ብሎ ትኩሱን ጠረጴዛው ላይ አፍስሶ፣ «ግድ የለም፤ ዓይኔ ቢሄድ እጄ አለ» ብሏት ነበር።

«አንድ ሆናለች» አለችው።

«አልጠቆረችም?»

«ኧረ አልጠቆረችም። ቁርጥ እሷን።»

ፈገግ አለና በሯን በጣቱ እየዳሰሰ ቦታዋ ላይ ገጠማት።

ዳልጮ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በወባ መከላከያ ሾፌርነት የኖረ ሰው ነው። መድኃኒት ረጪዎችን ጭኖ ቦንኬ ይወጣል፣ ካምባ ይወርዳል፣ ቁጫ ያድራል። ረጪዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ የሾፌር ሥራ መጠበቅ ነው። ሌላው ሾፌር ዛፍ ጥላ ሥር ካርታ ሲጫወት፣ እሱ ባዶ የወተት ጣሳ በመቀስ እየቆረጠ የሚነዳትን መኪና በትንሹ ይሠራል። የመጀመሪያዋ እንደ ነገሩ ነበረች። እያደር ግን ሜትር ይዞ መኪና ሥር እየተንጋለለ መለካት፣ የለካውን በደብተር መጻፍ ጀመረ። ሁሉንም የሠራቸው አንድ ለሃያ በሆነ ልክ ነው። «እውነተኛዋ አንድ ሜትር ከሆነች የእኔዋ አምስት ሳንቲ ሜትር ናት። ከዚያ ከተዛነፈች አሻንጉሊት ሆነች ማለት ነው» ይላል። አሻንጉሊት ማለት እሱ ዘንድ ስድብ ነው። አንድ ሹም ለልጄ ልግዛት ቢለው፣ «ለልጅዎ ክፉ አልመኝም፤ ይስበራት ብዬ ግን አልሰጥም» ብሎ አሰናብቶታል።

እንዲህ እያለ ዐሥራ አንድ መኪና ሠራ። ቶዮታዋ ጣሪያዋ ላይ ዕቃ ከሚጫንበት ፖርቶመጋላዋ ጋር፣ ፊያቱ ጭነቱን በጎን ከሚይዘው ስፖንዳው ጋር፤ ባሌስትራቸው እንኳ ሲጫኑት ዝቅ ብሎ ይመለሳል። በየዓመቱ ጥር ላይ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ የእጅ ሥራ ትርኢት ይደረጋል። ሸማኔውም ሸክላ ሠሪዋም ያላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጫጫታው ያለው ግን ዳልጮ ጠረጴዛ ላይ ነው። የከተማው ሾፌርና መካኒክ ይከበዋል። «የዚች ፍሬቻ እዚህ ጋ አይደለም!» ይላል አንዱ። «ነው እንጂ! እኔ ነድቻታለሁ» ይላል ሌላው። ዳልጮ እጁን አጣምሮ ከኋላ ቆሞ ይሰማል። ያን ጫጫታ ከዓመት በዓል አስበልጦ ይወደዋል።

ከሁሉ የሚፈራውም የሚጠብቀውም ግን አብዱልመጂድን ነው። አብዱልመጂድ ሲቀላ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ወላጆቹ ከስልጤ የመጡ ነጋዴ ነው። ለዳልጮ ጎማ መሥሪያ የተቀደደ የውስጥ ጎማና ቁርጥራጭ ሽቦ የሚያስቀምጥለት እሱ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ ይልና፣ «ጋሽ ዳልጮ፣ ወላሂ ቆንጆ ናት» ይላል፤ ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞሮ፣ «ግን የኋላ ፓራውልቷ ሁለት ሚሊ ወርዷል።» ዳልጮ ይቆጣል፤ አንተ ምን ታውቃለህ ይላል፤ ማታ ግን የግጭት መከላከያውን ፈቶ ሁለት ሚሊ ከፍ ያደርገዋል። «አብዱልመጂድ ካልነቀፋት አላለቀችም» ይላታል ወርቂቱን።

በ2005 ጡረታ በወጣበት ዓመት ስኳር እንዳለበት ታወቀ። ጎረቤት የሽፈራው ቅጠል አፍልተህ ጠጣ አለው፤ ጠጣ። ቤተ ክርስቲያን ተጸለየለት። ሐኪም መርፌ አዘዘለት። ዓይኑ ግን አልተመለሰም። መጀመሪያ የደብተሩ ቁጥሮች ጠፉበት፤ ቀጥሎ የሰው ፊት፤ ቀጥሎ ቀለም ከቀለም መለየት። በ2007 ፋሲካ ሲደርስ የቀረለት የመስኮት ብርሃን ብቻ ነበር።

በወጣትነቱ የነዳትን ላንድሮቨር ልሥራ ያለው ያን ጊዜ ነው።

ያቺን መኪና ወርቂቱም ታውቃታለች። በ1977 ክረምት ገረሴ አዲስ አስተማሪ ሆና ሳለች ወባ ጥሏት፣ ከረጪዎቹ ጋር አሳፍሮ አርባ ምንጭ ያወረዳት ወጣት ሾፌር ዳልጮ ነበር። ዝናብ ነው፤ ጭቃ ነው፤ ሦስት ጊዜ ወርዶ በአካፋ እየጠረገ ሰባት ሰዓት ነዳ። እሷ የኋላ ወንበር ላይ ጋቢ ተከናንባ እየተንቀጠቀጠች፣ በየመታጠፊያው ዞር እያለ፣ «አይዞሽ አስተማሪ፣ ደርሰናል» ሲላት ትሰማ ነበር። አልደረሱም ነበር። በዓመቱ ተጋቡ። መኪናዋ አርጅታ ለብረት ከተሸጠች ቆይቷል። «ጥሩ እጅ እስካወጣ ብዬ ነው ለመጨረሻ ያቆየኋት» ይል ነበር ዳልጮ።

ስለዚህ ወርቂቱ ልኬቱን ከደብተሩ ታነብለታለች፤ እሱ በየግማሽ ሳንቲ ሜትሩ በሞረድ ምልክት ባደረገበት ማስመሪያ እየዳሰሰ ይቆርጣል። እጇ ብረቱን እንዲነካ ግን አይፈቅድም። «አንቺ ዓይን ሁኚኝ፤ እጁን ለእኔ ተይው» አላት።

ከበሩ ውሸት በኋላ ሌላው ቀላል ሆነ። የግራ የፊት መብራቱ ወደ ታች አዘነበለ፤ «ትክክል ነው?» ሲላት «ትክክል ነው» አለችው። ኮፈኑ ላይ ሙጫ ፈሶ ደረቀ፤ «ጠራ?» ሲላት «መስታወት መስሏል» አለችው። ነገ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ እየዘመረ ሲሠራ ታገኘዋለች። አንድ እሑድ ራሴን አሞኛል ብላ ከቤተ ክርስቲያን ቀረችና ሰማያዊዋን በር አረንጓዴ ልትቀባት ሞከረች። ቀለሙ ተንጠባጥቦ ከሰማያዊው ጋር ተዥጎረጎረ፤ ከቀድሞው ባሰ። ዳልጮ ተመልሶ ገና ደጃፉን ሲረግጥ፣ «ቀለም ይሸተኛል» አለ።

«ክዳኑ ተከፍቶ አድሮ ነው» አለችው።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ለትርኢቱ አስመዝግቢኝ አላት። ዘንድሮ ብንተወውስ፣ ሙቀቱ፣ ሰዉ፣ አለች። «ምን ነካሽ? እሷን ሳላሳይ?» አላት። ሄዳ አስመዘገበች። ከዚያ ወጥታ በቀጥታ አብዱልመጂድ ሱቅ ገባች።

አብዱልመጂድ ተነስቶ ወንበር ሰጣት። ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ፣ «እትዬ ወርቂቱ፣ እውነቱን ንገሪው። ጋሼ እውነት የሚችል ሰው ነው» አላት።

«አልቻልኩም፤ ስድስት ወር ሊሆን ነው። አሁን ብነግረው ምን እላለሁ? አንተ ብቻ እንደ ልማድህ እንዳትነቅፍበት። እባክህ።»

ባንኮኒው ላይ ያለውን ቡሎን ሲያገላብጥ ቆየ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ለአንቺ ስል።»

የትርኢቱ ቀን ዳልጮ ሙሉ ልብሱን ለበሰ። ዐሥራ ሁለቱን መኪናዎች ወርቂቱ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ደረደረች፤ ላንድሮቨሯን መሐል አስቀመጠቻት፤ ሰማያዊው በር ወደ ግድግዳው እንዲዞር አደረገች። ሰው መጣ። ሾፌሮቹ መጡ፤ እያዩ ሰላም አሉት፤ እጁን ይዘው «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉት። አንዱ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሌላው በክርኑ ጎሸመው። ወርቂቱ ይህን አየች። ዳልጮ አላየም፤ ግን ጆሮውን አዘንብሎ ይጠብቅ ነበር። የጠበቀው ጫጫታ አልመጣም። ሸማኔዎቹ ጠረጴዛ ዘንድ ሳቅ ይሰማል፤ እሱ ዘንድ ሰው እንደ ለቅሶ ቤት በቀስታ እያወራ ያልፋል።

ወደ ስድስት ሰዓት ግድም አብዱልመጂድ መጣ። ዳልጮ ድምፁን ሲሰማ ፊቱ በራ። «እሺ፣ ጨቅጫቃው፣ እያት!»

አብዱልመጂድ ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ አያት። «ጋሽ ዳልጮ፣ ወላሂ ቆንጆ ናት።»

ዳልጮ ጠበቀ።

«ግን?»

«ግን የለም። እንከን የላትም።»

የዳልጮ ፈገግታ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። እጁን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ ላንድሮቨሯን ፈለጋት፤ ነካት፤ እጁን መለሰ። «አብዱልመጂድ» አለ፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ዓይን እያለኝ አንዲት እንከን የሌላት መኪና ሠርቼልህ አላውቅም። ዓይኔ ሲጠፋ ነው የሠራሁልህ?»

አብዱልመጂድ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።

«ወርቂ» አለ ዳልጮ ድምፁን ሳይጨምር። «ምኗ ነው?»

ወርቂቱ ነገረችው። በሩን፣ መብራቱን፣ ሙጫውን፣ እሑድ የቀባችውን፤ አንዱንም ሳታስቀር እዚያው ሰው መሐል ነገረችው። እየነገረችው ስታለቅስ እሱ ሐኪም ፊት እንደ ቆመ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጥ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሐምሌ።»

በጣቶቹ ወሮቹን ቆጠረ። «ስድስት ወር» አለ። «አብረን የምንሠራ መስሎኝ ነበር። ስድስት ወር ብቻዬን ነበርኩ በይኛ።»

እንሂድ ብትለው እንቢ አለ። አዳራሹ እስኪዘጋ ቆመ። መጥቶ ሰላም ላለው ሁሉ፣ «የቀኝ በሯ ሰማያዊ ነው፤ ተሳስቼ ነው» እያለ ራሱ ተናገረ።

ከዚያ በኋላ መቀሱን አላነሳም። ወርቂቱ፣ አንተ ንገረኝ እኔ ላስተካክላት፣ ብትለው «ተይው፣ ይብቃት» አለ። መኪናዎቹን በካርቶን አድርጋ አልጋው ሥር እንድታስገባ ለመናት። አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ምግብ ስታቀርብለት ያመሰግናታል፤ እንደ እንግዳ ያመሰግናታል። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ «በአባያ በኩል ደመና እየመጣ ነው፤ እንግባ» አለችው። እሱ በአጥሩ ወዲያ ልብስ የምታሰጣውን ጎረቤታቸውን ስመኝን ተጣራ። «ስመኝ፣ ደመና አለ እንዴ?»

«አዎ፣ ጋሼ፣ ሊዘንብ ነው» አለች ስመኝ።

ተነስቶ ገባ። ወርቂቱ በረንዳው ላይ ቀረች፤ ዝናቡ መጥቶ እግሯን እስኪያርሳት ድረስ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

በ2009 መጋቢት ላይ ኩላሊቱ ተበላሸ። ሐኪሙ ወርቂቱን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር እንደሌለ፣ ቤቱ ወስዳ እንድታስታምመው ነገራት። ሶዶ ያለችው ልጃቸው ኢየሩስ በስልክ እያለቀሰች፣ «እማዬ፣ ለእሱ እንዳትነግሪው! ይሻልሃል በይው፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለቻት። ልጅቷ አልተሳሳተችም። የታመመ ሰው ፊት ክፉ ወሬ አይወራም፤ ወርቂቱም ያደገችው በዚያ ነው።

ቤት በገቡ በማግስቱ ከሰዓት ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገው እጇን ያዘ።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

ጨርቁን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

«አይተርፍም አለኝ» አለችው። «ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት።»

ከውጭ ወደ ጫኖ የሚወርድ ባጃጅ ድምፅ መጣና አለፈ። ዳልጮ እጇን አልለቀቀም። ቆይቶ፣ «ኢየሩስ ታውቃለች?» አላት። ታውቃለች አለችው። «ትምጣ እንግዲህ። ሬሳ ልታይ ሳይሆን እኔን ልታይ ትምጣ።» ደግሞም፣ መኪናዎቹን አብዱልመጂድ ይውሰዳቸው፣ ማንም እንዳይገዛቸው፣ አላት። ላንድሮቨሯንም ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። «እሷንም» አለ።

ወርቂቱ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያን ከሰዓት ከትርኢቱ ወዲህ አውርቷት በማያውቅ መጠን አወራት። ስለ ካምባ ቁልቁለት፣ ፍሬን ተበጥሶበት በማርሽ ብቻ ስለወረደበት ቀን፣ ስለሞቱ ጓደኞቹ። አንዳንዱን ከዚህ በፊት ሰምታዋለች፤ እንዳልሰማች ሆና ልትቀጥል ስትል ትዝ አላትና፣ «ይህን ነግረኸኛል» አለችው። «እሺ፣ ሌላ ልንገርሽ» አለ። ሲደክመው ተኛ።

ኢየሩስ በሦስተኛው ቀን ደረሰች። ዳልጮ በዐሥራ አንደኛው ቀን አረፈ። በቀብሩ ላይ አብዱልመጂድ ከሾፌሮቹ ጋር አስከሬኑን ተሸክሞ ሄደ፤ በሳምንቱ መጥቶ ካርቶኖቹን ወሰደ። ወርቂቱ ይቅር ብሏት እንደሆነ አታውቅም። እሱ አልነገራትም፤ እሷም በነዚያ ዐሥራ አንድ ቀናት ውስጥ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ አፏን ከፍታ ዘግታዋለች።