የቤቱ መደዳ

“መድኃኒቱን የረጨኸው ትናንት ማታ አይደል? ሽታው እንኳ ገና አልጠፋም!” ዙለይሃ ባሏን ጫት ማሳው ዳር አቁማው ነበር።

“ታዲያ ተባይ የበላውን ቅጠል ማን ይገዛኛል?” አለ ሀሚዱ። “ሽታው እስኪጠፋ ብጠብቅ ቅጠሉ ይጠነክርብኛል።”

“ስለ ቅጠሉ ማን አወራህ? ስለ ልጅቷ ነው። አምና በመድኃኒት መሀል ስትቀነጥስ ውላ ማታውን አስወረዳት። ዛሬም ነፍሰ ጡር ናት። የቤቱን መደዳ ትቀንጥስ።”

የቤቱ መደዳ የሚሉት ከአጥሩ ሥር ያሉትን ጥቂት እግር ጫቶች ነው። መድኃኒት ነክቷቸው አያውቅም። ቅጠላቸው የተበሳሳ ነው፤ ቤተሰቡ ለዱዓ ሲቀመጥ የሚቅመው ግን ከእነሱ ብቻ ነው።

የቀን ሠራተኛዋ ኢንሳፍ የገፋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። “ጋሼ፣ ከሒሳቤ ይቀንሱ። እዚያ ብቻ ያድርጉኝ።”

“ሚስቴ ጠበቃ ቆማልሽ የለ? ሒሳብሽንም ከእሷ ተቀበይ።”

“እከፍላታለሁ፣ ወላሂ!” አለች ዙለይሃ።

ነጋዴው ማህዲ መኪናውን አስፋልቱ ላይ አቁሞ ሲመጣ ጭቅጭቁ ተቋረጠ። አንዲት ቅጠል ቀንጥሶ ወደ ፀሐይ አገላበጣት።

“ማሻ አላህ፣ መስታወት! ሌሎቹ ነጋዴዎች ወልድያ ሳይቀድሙኝ፣ እስከ ዙህር ሶላት ጭነቱን ከሞላችሁልኝ በየእስሩ እጨምራለሁ።”

“ስንት ትጨምራለህ?” አለች ዙለይሃ።

ነገራት። ዞር ብላ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሸራ የለበሰውን ቤቷን አየች። ከዚያ ወደ ኢንሳፍ ተመለሰች።

“አብሽሪ፣ አፍሽን በሻርፕሽ ሸፍኚ። ዛሬን ብቻ ነው።”

“እትዬ፣ አሁን እኮ እርስዎ ራስዎ…”

“ሰማሽ አይደል? እስከ ዙህር ነው። በይ ግቢ!”

ይህን ብላ ለማታው ዱዓ ልትቆርጥ ወደ አጥሩ ሥር ሄደች። ማህዲ ተከተላት።

“ለእኔም ከዚህኛው ትንሽ ያዥልኝ።”

“የምትወስደውን አትቅምም እንዴ?” አለ ሀሚዱ።

“እኔማ ልጆች አሉኝ!”

ሦስቱም ሳቁ። ዙለይሃ ለስላሳ ለስላሳውን መርጣ ሰጠችው።

ኢንሳፍ ባዶ ቅርጫቷን መሬት ላይ አኖረች። ቦዩን ቀስ ብላ ተሻግራ፣ በመኪናው ጎን አልፋ፣ ወደ ሐይቅ ከተማ በሚወስደው አስፋልት ዳር ዳሩን ሄደች። ማሳው ዳር ስትቀነጥስ የነበረች ሌላ ሴት ቅርጫቱን በእግሯ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና ለኢንሳፍ በተተወው መደዳ ገባች።