ጉልበቷን ቢያማት ሆዷን አስቀደደች

ዘሊካ ላይ ያልሳቀ የለም። «ጉልበቷን ቢያማት ሆዷን አስቀደደች» ተብሎ ፋሲሎ ሰፈር ሙሉ ተወራባት። ይሳቁ። ሐኪሙ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ያሳነሰላት ለቁንጅና ብሎ አይደለም። «የጉልበትዎ መገጣጠሚያ ተበልቷል፤ እሱን መመለስ አልችልም። ከላይ የሚጫነውን ግን መቀነስ እንችላለን» ነበር ያላት።

ይኸው ዓመት ሆናት። ስትከሳ ደግሞ «ምን ለክፏት ነው?» የሚል ሐሜት ተተካ። ለቅሶ ቤት «በሞቴ ጉረሺ» እያሉ እጃቸውን አፏ ድረስ ሲያመጡ «አትሙቱብኝ፣ ጠግቤያለሁ» እያለች ትመልሳለች።

ዓሣ ነጋዴ ናትና ከሁሉም የሚያንገበግባት ግን የዓሣው ነገር ነው። ዓሣ በሚረከቡበት የሐይቁ ወደብ ደንቡ አንድ ነው፤ ውሃ ውስጥ ገብታ የአስጋሪውን ጀልባ በእጇ ቀድማ የነካች ነጋዴ፣ ቀድማ ትመርጣለች። ዘሊካ ድሮ ማንንም አታስቀድምም ነበር። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ግን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ የወንድሟን ሚስት፣ ሚስራን ትጠብቃለች። ሚስራም ትልልቁን ለራሷ ታስቀርና ጣት ጣት የሚያህለውን ታመጣላታለች።

ዛሬ ጧት ጀልባው ብቅ ሲል ዘሊካ ከባጃጁ ወረደች።

ሚስራ አየቻትና «ተቀመጪ እንጂ፣ አመጣልሽ የለ? ድንጋዩ ያዳልጣል» አለቻት።

«ስታመጭልኝ ኖረሻል፤ ያመጣሽውንም አይቻለሁ» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ ቁልቁል ወረደች። ግራ ጉልበቷ ቀጭ አለ። አመማት፤ ከንፈሯን ነከሰች። ድሮ ቢሆን እዚያው ያስቀምጣት ነበር፤ ዛሬ ግን ቻላት። ሚስራ ነገሩ የገባት ዘሊካ ውሃው ውስጥ ስትገባ ነው። ጫማዋን አውልቃ እስክትደርስ ዘሊካ እጇን ጀልባው ላይ አሳርፋለች።

አስጋሪው ቡርሀን ትኩር ብሎ አያት። «እትዬ ዘሊካ፣ እርስዎ ነዎት? ጉልበትዎ ዳነ ማለት ነው?»

«አልዳነም። ሸክሙን አራገፍሁለት» አለችው። «በል ያንን አምባዛ ወዲህ በለው።»

«ይኸን ሁሉ በዚያ ጉልበትሽ ልትሸከሚው ነው?» አለች ሚስራ ከኋላዋ።

ዘሊካ ዓሣውን ባጃጁ ውስጥ፣ ስንት ዓመት ተቀምጣ ስትጠብቅበት በኖረችው ወንበር ላይ አስጫነች።

ሹፌሩ ዞር ብሎ «እርስዎስ?» አላት።

«ሂድ፣ እደርስብሃለሁ» አለችና በእግሯ ተከተለችው።