ዋስ አምጣ

ሰውዬው ይገረም ይባላል። ኪጋሊ ላለ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ልመለምል ነው የመጣሁት አለኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ካምፓላንና ሐዋሳን አዳርሷል፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ወደ ናይሮቢ ይበራል። እንዲህ የሚዞር ሰው ወይ ነጋዴ ነው ወይ ተፈላጊ ነው ብዬ በልቤ ያዝኩበት።

ልጄ ኤልሳቤት ከኔ ተደብቃ በኢንተርኔት አመልክታ፣ ፈተናውን አልፋ፣ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታለች። የቀረው የወላጅ ፊርማ ነው። ዛሬ ካልፈረምኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ለማላውቀው ሰው የመጋረጃ ናሙና እንኳ አስይዤ አልሰድም፣ ልጄን ላስይዝ?

“እትዬ ሸዋገነት፣ አይስጉ” አለኝ ይገረም፣ ሱቄ ውስጥ የመጋረጃ ጥቅል ላይ ተቀምጦ። “እኛ ጋ አንዴ የተማረ ቤተሰብ ነው። እዚሁ መርካቶ ያሉትን ጠርቻቸዋለሁ፣ ራሳቸው ይንገሩዎት።”

ሳይቆዩ ሁለት ተመራቂዎች መጡ። አዲስዓለም የምትባለው ሲኒማ ራስ አጠገብ ባንክ ትሠራለች፤ አሚር መሳለሚያ የአባቱን ሱቅ ይዟል። ከይገረም ጋር ተቃቅፈው ተሳሳቁ፣ በቅጽል ስም ተጠራሩ። ከዚያ አብረው የተለማመዱት ይመስል “ቤተሰብ ነን፣ ቤተሰብ ነን” ይሉኝ ጀመር።

ለቀባሪው አረዱት! እኔ ሱቅ ገዢ ስታመነታ፣ ጫማ ሻጩ ጎረቤቴ ዱባለ እንደ ደንበኛ ሆኖ ይገባና “እትዬ፣ ያን ወይን ጠጅ መጋረጃ ይድገሙልኝ፣ ጎረቤት ሁሉ ወደደልኝ” ይላል። መጋረጃ ገዝቶ አያውቅም፤ መስኮቱ ላይ ያለው ጋዜጣ ነው። ገዢዋ ግን ወዲያው ታስለካለች። እኔም ለሱ ጫማ እንዲሁ አደርግለታለሁ። አጫፋሪ እንለዋለን። እነዚህ ሁለቱስ የይገረም አጫፋሪዎች ካልሆኑ ምንድን ናቸው?

አጫፋሪ የሚጋለጠው “በል እንግዲህ፣ አንተ ውሰደው” ሲባል ነው። ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ውልቅ ይላል።

“ቤተሰብ ከሆናችሁ ዋስ ሁኑኝ” አልኳቸው። “ልጄ ላይ አንዳች ነገር ቢደርስ እዚህ መጥታችሁ ልትጠየቁ፣ ከነመታወቂያችሁ ፈርሙ።”

የአሚር ስልክ ጮኸ።

“ማዘር፣ አንዴ መጣሁ” ብሎ ወጣ። ወደ ኤልሳቤት ዞሬ “አየሽ?” አልኳት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እሷ አንገቷን ደፋች።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመለሰ። በእጁ የመታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ይዟል፤ ከኋላው የማላውቃት ሴት ትከተለዋለች።

“የደወለችው ፋኢዛ ናት፣ ከኛ ቀድማ የተመረቀች። ዋስ ተፈልጓል ስላት ሥራዋን ጥላ መጣች። ሦስት ከሆንን ይሻላል ብዬ ነው፣ ማዘር።”

ሦስቱም ፈረሙ። እኔ ግን ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እያልኩ እጠብቃለሁ።

“ይህችን ልጅ የት ታውቋታላችሁ?” አልኩ።

“አናውቃትም” አለች አዲስዓለም። “እኔም ኪጋሊ ስደርስ የሚያውቀኝ አልነበረም። ስሜን ወረቀት ላይ ጽፎ ኤርፖርት የጠበቀኝ አሚር ነው። ወባ ጥሎኝ ሳምንት ስተኛ ያስታመሙኝም እንደሱ ያሉ ናቸው። አሁን ተራው የኛ ነው፣ እትዬ።”

ይገረም የወላጁን ቅጽ ዘረጋልኝ። እስክሪብቶውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

“እስከ ነገ ላስብበት” አልኩ።

“ነገ የለም እማዬ” አለች ኤልሳቤት። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። “ሦስት የማያውቁኝ ሰዎች ዋስ ሆኑልኝ። የምታውቂኝ አንቺ ነሽ። ያልፈረምሽው አንቺ ብቻ ነሽ።”

አፈርኩ። ከሃያ ዓመት በላይ መርካቶ ስነግድ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ፈረምኩ።

“አመሰግናለሁ” አለችኝ፣ ዕቃዋን እንደተረከበች ደንበኛ በትሕትና። ከዚያ ሄዳ አዲስዓለምን አቀፈቻት።