ጋሽ አጥፉት መብራት አበሩ

ሰፈርተኛው «ጋሽ አጥፉት» ያላቸው ያለ ነገር አይደለም። ሠላሳ ዓመት የመብራት ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ቀን አምፖል የበራበት በረንዳ ካዩ በሩን አንኳኩተው «አጥፉት!» ሳይሉ አያልፉም። እንዲህ ያሉ ሰው ልጃቸው «አባዬ፣ ስትነዳ በቀንም ቢሆን መብራት አብራ» ስትላቸው የሚሰጡትን መልስ መገመት አያቅትም።

«በቀትር ፋኖስ ይዤ ልዙርልሽ?»

ልጅቷ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ናት። «መብራቱ እንድታይ ሳይሆን እንድትታይ ነው» አለቻቸው። «አመድ በመሰለ መኪና፣ አመድ በመሰለ አስፋልት ላይ፣ ማን ይለይሃል?»

«እኔን የማያይ ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ይመልስ!» አሉና ወሬውን ዘጉት።

አንድ ጠዋት ከባለቤታቸው ጋር ዘመድ ጥየቃ ወጡ። ባለቤታቸው አበባ የተተከለበት ጣሳ ጉልበታቸው ላይ አቅፈዋል። ሰማዩ ደፍርሶ ያካፋል። ከፊት ድንጋይ የጫነ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይመጣል።

«አሁንስ ብታበራው ምን አለበት?» አሉ ባለቤታቸው።

«ለካፊያ የዝናብ መጥረጊያው ይበቃል።»

አፋቸውን ሳይገጥሙ ከጭነት መኪናው ጀርባ አንድ አውቶቡስ ሊቀድም ብቅ አለና ፊት ለፊት መጣባቸው። ጋሽ አጥፉት መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዙ፤ አውቶቡሱም ጡሩምባውን እያስጮኸ ወደ ረድፉ ተመለሰ። መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተሰንቅራ ቆመች። ደግነቱ ከአበባው በቀር የተጎዳ አልነበረም፤ አፈሩ እንዳለ የባለቤታቸው ቀሚስ ላይ ተገልብጧል።

ጋሽ አጥፉት ደማቸው ፈላ። በሩን በርግደው ወረዱና ራቅ ብሎ ወደቆመው አውቶቡስ ገሰገሱ።

«አንተ ዕውር! መንጃ ፈቃድ የሰጠህ ማነው?»

ሹፌሩ በሩጫ እየመጣ ነበር። «ይቅርታ ጌታዬ፣ አልታዩኝም! መንገዱ ባዶ መስሎኝ ነው…» ድምፁ የሴት ነው። ሁለቱም ባሉበት ቆሙ።

«አባዬ?»

ሹፌሯ የገዛ ልጃቸው ናት።

«በካፊያ ለመቅደም መውጣት አልነበረብኝም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ግን እውነቴን ነው አባዬ፣ አላየሁህም። ልገድላችሁ ነበር።»

አንድ ተሳፋሪ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አባት፣ መብራት ቢያበሩ እኮ እናይዎት ነበር!» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን አፉን ያስይዙት ነበር። አሁን ግን ዞረው መኪናቸውን ፈለጉ። ግራጫ መኪና፣ ግራጫ መንገድ፣ ግራጫ ሰማይ። የባለቤታቸው ቀይ ሻርፕ ባይኖር ኖሮ እሳቸውም ባላገኟት ነበር። ልጃቸውን ትከሻዋን ይዘው ትንፋሿ እስኪመለስ አብረዋት ቆሙ። ተመልሰው ሲገቡ መብራቱን አበሩ። ባለቤታቸው አፈሩን ከቀሚሳቸው እያራገፉ በጎን አዩአቸው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ አጥፉት ቁልፍ ከማዞራቸው መብራት ይቀድማል። ሳምንት ያህል እንደነዱ፣ እራት ላይ ፊታቸው በርቶ ለልጃቸው አወሩ።

«የመንገዱ ሰው እንዴት ተለውጧል! ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራቱን ብልጭ እያደረገ ሰላም ይለኛል። እኔም እጄን አወጣለሁ።»

ልጅቷ ጉርሻዋን አስቀምጣ ወጣች፤ የአባቷ መኪና ውስጥ ገብታ መብራቱን አየችና እየሳቀች ተመለሰች።

«አባዬ፣ ረጅሙን መብራት ነው የምታበራው። ‹ዓይናችንን አወጣኸው፣ ዝቅ አድርገው› እያሉህ ነው እንጂ ማን ሰላም አለህ?»

ባለቤታቸው ሳቃቸው ፈንቅሏቸው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ጋሽ አጥፉት ከሳህናቸው ቀና አሉ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ያ የነዳጅ ቦቴ ሹፌርም? እሱ እኮ ፈገግ ብሎ ነበር።»

«እጅህን ስታወጣ አይቶ ነዋ!»