ቀዩ ጃኬት

ኑዝሃ በአይን ድራሂም ደን፣ ከቡሽ ዛፍ ሥር በሆዷ ተኝታ፣ ጥፍር በሚያክል ነጭ እንጉዳይ ላይ ካሜራዋን ደግናለች። በአደን ወቅት አዳኞች አውሬ እንዳትመስላቸው እንድትለብሰው አጎቷ ላዝሃር የገዛላት ቀይ ጃኬት ራቅ ብሎ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። እሱን ለብሳ ብትጠጋ ቅላቱ እንጉዳዩ ላይ እያረፈ ፎቶውን ያበላሽባታላ! ስለዚህ በቡናማ ሹራቧ ወድቆ የደረቀ ቅጠል መስላ፣ ትንፋሿን ውጣ ታነሳለች።

የውሾች ጩኸት ተሰማ። የእሑድ አዳኞች የዱር አሳማ እያሳደዱ ነው። «ሩቅ ናቸው» ብላ ሌንሷን አስተካከለች። እንጉዳዩ ጫፍ ላይ በተንጠለጠለችው የውሃ ጠብታ ውስጥ ከወዲያ ያለው ጫካ ተገልብጦ ይታያል። እዚያ ጫካ መሃል አንድ ሰው ተንበርክኳል። የጠመንጃው አፈሙዝ ወደ እሷ ነው።

ክው አለች። ብትነሳ ይተኩሳል፤ ዝም ብላ ብትተኛም ይተኩሳል። ልጩኽ ብትል ድምፅ ከየት ይምጣ! እንደ ምንም «ሰው ነኝ! ሰው!» አለች።

ሰውዬው ጠመንጃውን ጥሎ እየተደናቀፈ መጣ። አጎቷ ላዝሃር ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጃኬቱስ? አንቺ እብድ፣ ጃኬቱስ?»

«አጎቴ፣ እንጉዳዩን እያቀላ አስቸገረኝ...»

«ይቅላ! አንቺ በደም ከምትቀዪ እሱ በጃኬት ይቅላ!»

አጠገቧ ዘፍ አለ። ቃታው ላይ የነበረው ጣቱ አሁንም እንደታጠፈ ነው፤ በሌላው እጁ ቢጎትተውም አልዘረጋለት አለ።