የአያ ይሻው ችካል

አያ ይሻው ዱላቸውን ከውሃው ጫፍ ላይ አጋድመው መለካት ጀመሩ። ትናንት ጠዋት ከውሃው እስከ ሲሚንቶው ችካል አምስት ዱላ ነበር። ዛሬ ሦስት ሆነ፤ እሱም በደንብ አልሞላም። በአንድ ሌሊት ሁለት ዱላ!

"እግዚኦ መሐረነ" አሉና ቀና ብለው ዳገቱን አዩ። ከችካሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የጎረቤታቸው የእመቤቴ ሣር ቤት ይጨሳል። ከሷ በላይ ደግሞ የልጃቸው የብርሃኑ አዲሱ የቆርቆሮ ቤት አለ።

ግድቡ ለደብረ ታቦር፣ ለጋሳይና በመንገዱ ዳር ላሉት መንደሮች ሁሉ ውሃ እንዲያጠጣ ተብሎ ከተዘጋ ይህ የመጀመሪያው ክረምት ነው። ወሬው ሲሰማ አገሩ እልል ብሎ ነበር። "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው መባል ቀረልን" እየተባለ ለቦኖው መዋጮ ተከፈለ። ባሏ የሞተባት እመቤቴ እንኳ ሁለቱን በጎቿን ሸጣ ነው የከፈለችው።

ካቻምና ቀያሾች መጡና ውሃው ሞልቶ የሚደርስበትን በቀይ ቀለም በተቀባ እንጨት እየቸከሉ አለፉ። ከችካሉ በታች የሆነ ቤት ካሳውን ተቀብሎ ይነሳል፤ ከችካሉ በላይ የሆነ ይቆያል። የብርሃኑ ቤት በታች ሆነ። ሙሽራው ገና ዓመት ባልደፈነበት ቤት! አያ ይሻው አንጀታቸው አልችል አለ። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ችካሉን ነቅለው ወደ ታች አወረዱት። ጥቂት ብቻ ቢያወርዱት ዓይን ውስጥ ይገባል ብለው ከእመቤቴም ቤት በታች፣ እርከኑ ዳር ወስደው ቸከሉት። ከወር በኋላ ሠራተኞች መጥተው እንጨቱን ጣሉና እዚያው ቦታ ላይ ሲሚንቶ አቆሙ። ነገሩ ደረቀ።

እሳቸው ደግሞ ማን ሆኑና ነው? አገሩ ድንበር ሲጣላ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው! ዕድሜ ልካቸውን ድንበር ማለት ሰው የተስማማበት ነገር ነው ብለው የኖሩ ሰው፣ ውሃም በችካል የሚገታ መሰላቸው። እንዲያውም ለእመቤቴ ውለታ የዋልኩላት ነው ይሉ ነበር በሆዳቸው።

"እንዴት አደሩ አያ ይሻው?" እመቤቴ ጀሪካኗን አዝላ መጣች።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?"

"ምን እንቅልፍ አለ ብለው! ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ይሰማኛል። እንደ ላም ያመሰኳል፣ ከደጄ ተኝቶ።" ሳቅ አለች። "ችካሉን ግን አያልፍም፣ አይደል? አንቱ ካሉኝ ልጆቼን አስተኛለሁ። ጤፉን ከጎታው ላውጣ ወይስ ልተወው?"

"ቆይ እስቲ" አሉ፣ "ቆይ፣ እናያለን።"

ረፋዱ ላይ ከደብረ ታቦር የግድቡ ቢሮ መኪና ጭቃውን እየረጨ ደረሰ። ቅድስት የምትባል ወጣት ባለሙያ ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ ወረደች። መንደሩ ከብርሃኑ ደጅ ተሰበሰበ።

"አባባ፣ በሽማግሌነትዎ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው" አለቻቸው። "ችካሎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው ብለው ይፈርሙልኛል። የካሳው ዝርዝር ዛሬ ይዘጋል። ከዛሬ ወዲያ ስሙ ያልገባ ሰው ቢመጣ እኔም ምንም ላደርግለት አልችልም።"

"ቤቱን ውሃ ቢወስደውስ?" አሉ አያ ይሻው።

"ከችካሉ በላይ ከሆነ እንዴት ይወስደዋል?" አለች ቅድስት፣ ከልቧ ገርሟት።

ብርሃኑ አባቱን በክንዳቸው ይዞ ገለል አደረጋቸው። ያን እሑድ ያያቸው እሱ ብቻ ነበር።

"አባቴ፣ ይፈርሙ። ዝናቡ ሊያባራ ነው እኮ፤ ውሃው እኔ ጋ ሳይደርስ ይቆማል።"

"እሷ ጋስ?"

ብርሃኑ መሬት መሬቱን አየ። "ቢናገሩ ያስሩዎታል። ስምዎትስ? ድንበር ነቃይ ሊባሉ ነው?"

ይህች ቃል አጥንታቸው ድረስ ገባች። የባልንጀራውን ድንበር የሚነቅል ርጉም ይሁን የሚለውን ስንቱን ባለጋራ አስፈራርተውበታል! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እሳቸውን የወሰዳቸው የልጅ ፍቅር ነው። አሁን ደግሞ አራት ነፍስ፣ እመቤቴ ከሦስት ልጆቿ ጋር፣ ከታች ተኝቶ ያድራል፣ እሳቸውን አምኖ።

"ዶማ አምጣ" አሉት።

"አባቴ፣ በእናቴ ሞት..."

"አምጣ አልኩህ!"

ዶማውን ተቀብለው ከብርሃኑ ቤት ጀርባ ወደ ዳገቱ ወጡ። ሰዉም ግራ እየተጋባ ተከተለ። አንዲት አጋም ሥር ሲደርሱ ቆሙና እመቤቴን ጠሩ።

"እንኪ፣ እዚህ ጋ ቆፍሪ።"

"ምን አለ እዚህ?"

"ቆፍሪ ብቻ፣ እኅቴ።"

አንዴ፣ ሁለቴ መታች። በሦስተኛው ጥቁር ከሰል ከአፈሩ ጋር ፈነጠረ። አያ ይሻው ድንበር ሲያቆሙ እፍኝ ከሰል ከሥሩ እንደሚቀብሩ የማያውቅ በዚያ መንደር የለም። ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ድንጋይ ይነቀላል፣ ከሰል ግን አይበሰብስም። ያን እሑድም ችካሉን ከነቀሉ በኋላ ከብርሃኑ ምድጃ እፍኝ ከሰል አምጥተው ጉድጓዱ ውስጥ ጨምረው ነበር። ለምን? እጃቸው ለምዶ ነው እንጂ እሳቸውም አያውቁትም።

እመቤቴ ከሰሉን አየች። ከዚያ የብርሃኑን ቤት፣ የራሷን ቤት፣ ከታች ያለውን ሲሚንቶ አየች።

"ይሄ የአንቱ ከሰል ነው" አለች ቀስ ብላ።

"የእኔ ነው።" ከሰሉን አነሱና ወደ ቅድስት ዞሩ። "ልጄ፣ ችካሉ እዚህ ነበር ብለሽ ጻፊ። ማን እንደነቀለውም ጻፊ፤ እፈርማለሁ።"

ቅድስት ወረቀቱን ከፌስታሉ አወጣች። ጻፈችም። እሳቸውም ፈረሙ፤ ወረቀቱ በጣታቸው ጠቆረ።

ይህን ጊዜ እመቤቴ ቁልቁል እየሮጠች ነበር። ተከትለዋት ሲደርሱ ጤፏን ከጎታው እየዛቀች ማዳበሪያ ውስጥ ትገለብጣለች። አያ ይሻው ጎንበስ ብለው የማዳበሪያውን አፍ ሊይዙላት እጃቸውን ዘረጉ።

"እጅዎ ጥቁር ነው" አለች፣ ቀና ሳትል። "ጤፌን አይንኩብኝ።"

እጃቸውን ሰብስበው ወደ ታች ወረዱ። ውሃው ወደ ሲሚንቶው ግርጌ ይበልጥ ቀርቦ ቀስ በቀስ ይወጣል። እዚያው ቁጭ ብለው እጃቸውን በአፈር እያሹ ታጠቡ፤ ተመልሰውም ከደጃፏ ቆሙ፣ ይግቡ እስክትላቸው።