ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጡ ሁለት እርሳሶች

ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ሁለት ወንበር ከያዘች በኋላ ለእግር መዘርጊያ እንኳ አይተርፋትም። ነርሷና አስተማሪው ግን እዚያች ውስጥ ሦስት ወር ሙሉ ክርን ለክርን እየተነካኩ፣ ያለ ሰላምታ ከርመዋል። ነርሷ ነርስነቷን ከተወች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አስተማሪውም ካስተማረ ቆይቷል፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረለት።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ከመስታወቱ ማዶ አንድ ሕፃን ይገባና የሚወደውን አሻንጉሊት በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ያያል። እነሱ ያዩታል፣ እሱ አያያቸውም። በየአሥር ሰከንዱ በአንድ ጆሯቸው ባደረጉት ማዳመጫ "ጢው" ይላል፤ በዚያ መሃል ልጁ ከተቆጣ ጭረት፣ ካልተቆጣ ባዶ። አንዱ የሌላውን ወረቀት እንዳያይ መሃላቸው ካርቶን ቆሟል። ልጁን ካሜራም ይቀርጸዋል።

"የአንድ ሰው ዓይን ያዳላል" ይላሉ የጥናቱ ባለቤት ዶክተሯ። "ሁለት ሰው ሳይመካከር አንድ ነገር ካየ ግን ቁጣውን ለካነው ማለት ነው።"

የሁለቱ ስምምነት ከመቶ ዘጠና አራት ነበር። ዶክተሯ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህችን ቁጥር ሳይናገሩ አይሸኙም።

ታዲያ አንድ ቀን "ለከርሞ በጀት ያለን ለአንድ ተመልካች ብቻ ነው" ብለው አረዷቸው። ከዚያ ወዲህ ክፍሏ እሳትና ጭድ የታጨቀባት ሆነች። ነርሷ የምታድረው እህቷ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። እህቷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ትራሱን እያነሳች "ለመሆኑ ቤት መፈለግ ጀመርሽ?" ማለት አብዝታለች። ይህ ሥራ ከቀረ ቤቱም ቀረ።

"እህት ዓለም፣ ወደ መርፌሽ ብትመለሺ አይሻልም?" አላት አስተማሪው በማግስቱ።

"እርስዎስ ወደ ተማሪዎችዎ? ነው ወይስ እነሱ እንዳይመለሱ ጸሎት ይዘዋል?"

ያን ቀን ነው የሰማችው። እሷ እርሳሷን ጫር ስታደርግ፣ ዓይን እስኪጨፈን ያህል ቆይቶ፣ ከካርቶኑ ወዲያ ጫር። እሷ ዝም ስትል፣ ዝም። ሦስት ቀን አዳመጠችው። ሰውዬው ልጅ አያይም፤ እሷን ነው የሚሰማው። ዘጠና አራቱ ለካ አንድ ሰውና የገደል ማሚቶው ኖሯል!

ለዶክተሯ ብትነግር "ቀንታ ነው" እንደሚባል አወቀች። ስለዚህ ወጥመድ አሰናዳች። በአራተኛው ቀን አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ገባ። ልጁ ጸጥ ብሎ ሣጥኑን ሲያሻሽ፣ ነርሷ ወረቀቱን ሳትነካ የተደገፈበትን ጣውላ በጥፍሯ ጫረች። ከወዲያ ጫር! ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ደግማ ጫረች፤ ደገመ። ዘጠኝ ጊዜ ጫረች፣ ዘጠኝ ጊዜ ዋጠላት።

ልጁ እንደወጣ ሁለቱንም ወረቀት ነጥቃ ዶክተሯ ቢሮ ገባች። አስተማሪው "ምን ሆነች ይቺ?" እያለ ተከተላት።

"ፊልሙን ይክፈቱልኝ ዶክተር" አለች። "ልጁ ያልተቆጣበት ቦታ ላይ ዘጠኝ ጭረት አለው። የኔን ጥፍር ነው የገለበጠው!"

ዶክተሯ መነጽራቸውን አድርገው ፊልሙን ከወረቀቶቹ ጋር እያስተያዩ ተመለከቱ። ዘጠኙም እንዳለችው ነበሩ። አስተማሪው አንገቱን ደፋ። ነርሷ የራሷን ክፍል፣ የራሷን አልጋ በዓይነ ሕሊናዋ አየች።

ዶክተሯ ግን ፊልሙን አላቆሙም።

"ይኸውና" አሉ። ልጁ ሣጥኑን በእርግጫ ይለዋል። "እዚህ ጋ ጭረትሽ የት አለ?"

ነርሷ አጎነበሰች። ባዶ ነው።

"እዚህስ? እያለቀሰ ነው እኮ።"

ባዶ።

"እሱን... እሱን ስጠብቅ ነው ዶክተር። ሌላው ቀን ግን ትክክል ነኝ።"

"ትክክል መሆንሽን የነገረኝ እኮ ከሱ ጋር መስማማትሽ ነበር" አሉ ዶክተሯ፤ ድምፃቸው እየቀዘቀዘ ሄደ። "እሱ አንቺን ሲቀዳ ከርሟል። አንቺን የመሰከረልሽ ማን ነው? የመቶ አሥራ ሁለት ልጅ ወረቀት! ሁሉም ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። ፊልሙን ሌሎች ሰዎች እንደገና ያዩታል፣ በየክፍላቸው ሆነው። ማዳመጫችሁን አስቀምጡልኝ።"

"ለከርሞ ያሉት ቦታስ?"

"ለእናንተ? ለሁለታችሁም የለም።"

ኮሪደሩ ላይ አስተማሪው ኮቱን እየቆለፈ "እንኳን ደስ ያለሽ" አላት። "ዘጠኝ ጊዜ ጭረሽ ሁለት እንጀራ ቆረጥሽ።"

"ዝም በል አንተ ሌባ!" አለችው። አንቱታው በዚያው ቀረ።

"ሌባ ብሆንም የሰረቅሁት አንቺን ነው። የሚሰረቅ ነገር ያለሽ መስሎኝ" አለና በሩን ፊቷ ላይ ለቅቆባት ወጣ።

በሩን በክንዷ መከተችው። ከበሩ ውጪ አግዳሚው ላይ የቀይ ሹራቡ ልጅ እናት ጫማውን ታስርለታለች። ከመስታወቱ ጀርባ እንደምትቀመጥ የምታውቃትን ነርስ ስታይ ቀና አለች።

"እኔ የምልሽ፣ ልጄ እንዴት ነበር? ቤት ሲሆን እሳት ነው፤ እዚህም ተቆጣ?"

ነርሷ በሩ የመታትን ክንዷን አሻሸች።

"አላየሁትም" አለች።

"እንዴ!" አለች እናትየው፣ ልጇን በእጁ ብድግ እያደረገች። "ይህን ሁሉ ሰዓት እዚያ ተጎልተሽ ታዲያ ምን ስታዪ ነበር?"